አሮጊቷን ትንኝ መቁጠር

ደንጊ የተባለውን የቫይረስ ትኩሳት ከሰው ወደ ሰው የምታሻግረው ትንኝ አሮጊት ናት። ወጣቷ ትነክሳለች፣ ደም ትጠጣለች፣ ታሳክካለች፤ ቫይረስ ግን አታቀብልም። ከታማሚ ደም ጋር የገባው ቫይረስ ከአንጀቷ ወጥቶ የምራቅ እጢዋ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። እሷ ከዚያ በፊት ከሞተች ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። የትንኝ ቁጥጥር ስሌት የሚዞረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ከመቶዋ ስንቷ ለእርጅና ትበቃለች? «ስንት ትንኝ አለ?» የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ ስብሰባ ላይ ግን ሁሌም አንደኛ ሆኖ ይቀርባል።

የሚከተለው አዲስ አበባ መሃል፣ ከመርካቶ እስከ ለገሃር፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው ሰፈር ላይ ደንጊ ምን ያህል እንደሚዛመት የሚያሰላ ሞዴል ለመሥራት ለሚነሳ ሰው ነው። ኤክሴል ይበቃል። አር ወይም ፓይተን የተባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች የሚችል ቶሎ ይገላገላል።

በቅድሚያ ትንኞቹን እንለይ። ማታ ጆሮ ሥር የምትዘምረው፣ በቆሸሸ ውሃና በፍሳሽ ጉድጓድ የምትራባው ኩሌክስ ናት። ደንጊን፣ ቺኩንጉንያንና የከተማ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕቲ ግን ሌላ ናት፤ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት አላት፣ ቀን ትነክሳለች፣ የምትራባውም ሰው ባጠራቀመው ንጹህ ውሃ ውስጥ ነው። በርሜል፣ የሮቶ ታንከር፣ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን፣ ጎሚስታ ደጃፍ የተከመረ ጎማ፣ የተዘጋ አሸንዳ፣ ያላለቀ ሕንፃ የሊፍት ጉድጓድ ለእሷ ሁሉም ቤቷ ነው። ከኤደስ ጋር አብራ የምትነሳው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ወባ አስተላላፊ ብትሆንም እንደ ኤደስ የታንከርና የበርሜል ትንኝ ናት። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ሁለቱን አንድ የውሃ ዕቃ ቆጠራ ያገለግላቸዋል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቅዝቃዜው ይጠብቃታል። ታዲያ ለምን እንደክማለን? መንገዱ ስላለ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ11,000 በላይ ሰው በደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ከ40,000 በላይ ሰው በቺኩንጉንያ የተጠረጠረባት ከተማ ናት። የድሬዳዋ ባቡርና አውቶብስ መድረሻ አዲስ አበባ ነው። በደንጊ የተያዘ ሰው ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ 6 ቀን ገደማ ስለሚወስድ፣ ደህና ሆኖ ተሳፍሮ ደህና ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ የመሃል ከተማው ጥያቄ «ቫይረሱ ይመጣል ወይ?» ሳይሆን «ሲመጣ ምን ያህል ይራመዳል?» ነው።

ወደ ቀመሩ። ብ በአንድ ሰው ሂሳብ ያሉ ሴት ትንኞች ብዛት፣ ን አንዷ ትንኝ በቀን ሰው የምትነክስበት መጠን፣ ማ በአንድ ንክሻ ከትንኝ ወደ ሰው የመተላለፍ ዕድል፣ መ ከሰው ወደ ትንኝ የመተላለፍ ዕድል፣ ታ ታማሚው ትንኝ የሚበክልባቸው ቀናት፣ ሕ ትንኟ ዛሬን ተርፋ ነገን የማየት ዕድሏ፣ ቀ ቫይረሱ በሆዷ የሚበስልባቸው ቀናት ይሁኑ። እንግዲህ አንድ ታማሚ በአማካይ የሚያፈራቸው አዲስ ታማሚዎች፣ ማለትም አር ዜሮ፣

አር ዜሮ = ብ × ን × ን × ማ × መ × ታ × ሕ^ቀ ÷ (−ሎግ ሕ)

ን ሁለቴ የገባችው ትንኟ ሁለቴ መንከስ ስላለባት ነው፤ አንዴ ለመቀበል፣ አንዴ ለማቀበል። ሎግ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው። ኤክሴል ላይ «ሎግ» ብሎ የጻፈ በአስር የሚሰላውን ያገኝና ውጤቱ 2.3 ጊዜ ይጋነንበታል፤ የሚፈለገው «ኤል ኤን» የሚባለው ነው። ይህ ስህተት አስቂኝ ቢመስልም በጣም የተለመደ ነው።

ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1911 የወባን ስሌት ሲያቀርብ ትኩረቱ ብ ላይ ነበር፦ ትንኙን ከተወሰነ መጠን በታች አውርድ፣ በሽታው ይከስማል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጆርጅ ማክዶናልድ ያው ስሌት ውስጥ ሌላ ነገር አየ፤ ሕ በቀ ርቢ ከፍ ብላለች፣ ማለትም ቀ ጊዜ በራሷ ትባዛለች። በቁጥር እንየው። ብ 2.4፣ ን 0.5፣ ማ እና መ እያንዳንዳቸው 0.5፣ ታ 5፣ ሕ 0.9 ይሁን። የደንጊ ቫይረስ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በአማካይ በ6.5 ቀን፣ በ25 ዲግሪ በ15 ቀን ይበስላል። አር ዜሮ በ30 ዲግሪ 3.6፣ በ25 ዲግሪ 1.5 ይወጣል። አሁን በ30 ዲግሪ ወረርሽኙን ማቆም ቢያስፈልግ፣ በብ ብቻ ለማቆም ከትንኞቹ 72 በመቶውን ማጥፋት ያሻል። በሕ በኩል ግን በየቀኑ የሚሞቱት ከ10 በመቶ ወደ 19 በመቶ ከፍ ካሉ አር ዜሮ 0.9 ይሆናል፤ ያውም ዕድሜ ሲያጥር ብ ራሷም እንደምትቀንስ ሳንቆጥር። ግድግዳና ቁም ሣጥን ሥር የሚያርፉትን ጎልማሳ ትንኞች የሚነካ ሥራ በርሜል ከማከም ይልቅ ብዙ የሚፈይደው ለዚህ ነው።

ወደ ራሳችን ሙቀት እንውረድ። የሁለቱን ነጥቦች መስመር በሎግ ሚዛን ወደ 20 ዲግሪ ብንስበው ቀ 35 ቀን ገደማ ይሆናል። 0.9 በራሱ 35 ጊዜ ሲባዛ 0.025 ነው፤ ከመቶ ትንኝ ሁለት ተኩል ብቻ ለዚያ ትበቃለች። አር ዜሮ 0.18። ደስ ይላል፤ ግን ቸኩሎ የምሥራች መንገር አያስፈልግም። ቀዝቀዝ ባለ ቤት ውስጥ ሕ 0.95 ብትሆንስ? ሌላው ሁሉ ሳይነካ አር ዜሮ 2.4 ይሆናል። በቅዝቃዜ ንክሻም ስለሚቀዘቅዝ ን ወደ 0.3 ብትወርድ ደግሞ 0.87። በሦስቱ ውጤቶች መካከል ያለው ልዩነት ሙቀቱ አይደለም፣ 20 ዲግሪ በሦስቱም አለ፤ ልዩነቱ ሕ እና ን ናቸው። ሞቃት አገር የተለካ ሕ ገልብጦ አዲስ አበባ ላይ የሚያስገባ ሰው «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የተባለው ይደርስበታል። ከአንድ በታች መሆንም ዜሮ ማለት አይደለም፤ አር ዜሮ 0.87 ከሆነ አንድ ከውጭ የመጣ ታማሚ ራሱን ጨምሮ በአማካይ 8 ገደማ ሰዎችን አስከትሎ ነው ሰንሰለቱ የሚበጠሰው።

የሙቀት መረጃው ራሱ ወጥመድ አለው። የኤደስ ኤጂፕቲ የማስተላለፍ አቅም ከ18 እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ባለው ውስጥ ይወሰናል፣ ጫፉ 29 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ ዓመታዊ አማካይ ከ16 እስከ 17 ዲግሪ ስለሆነ በአማካይ ብቻ ካሰባችሁ ሞዴሉ ዜሮ ብሎ ይዘጋል። ትንኟ ግን በአማካይ ውስጥ አትኖርም። ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ሌላ አገር ነው። የአየር ጠባይ ጣቢያ የሚለካው ደጅ፣ ጥላ ውስጥ ነው፤ ኤደስ የምታርፈው አልጋ ሥር ነው። ትንሽ የሙቀት መመዝገቢያ አሥር ያህል ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ በየሰዓቱ እንዲመዘግብ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ከዚያ የእያንዳንዱን ሰዓት የመብሰል ፍጥነት (1 ÷ ቀ ÷ 24) አስልታችሁ ደምሩት፤ ድምሩ አንድ ሲሞላ ቫይረሱ በስሏል። ሙቀቱን አማክሎ ፍጥነቱን ማስላትና ፍጥነቱን አስልቶ ማማከል አንድ አይደሉም፤ ግንኙነቱ ቀጥ ያለ መስመር ስላልሆነ።

እግረ መንገድ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። መመዝገቢያው 07:00 ሲል የመስክ ደብተሩ «ጠዋት 1 ሰዓት» ይላል። ሁለቱን ሳያስማሙ ያገናኙ ፋይሎች የሌሊቱን ብርድ እኩለ ቀን ላይ ያስቀምጣሉ፣ ስህተቱም ስዕሉ ላይ ቶሎ አይታይም። ጳጉሜንም አትርሱ፤ ወርሃዊ የጤና ሪፖርት ስትሰበስቡ 5 ወይም 6 ቀናት የትም ሳይገቡ ይጠፋሉ ወይም መስከረም ላይ ተደርበው የሐሰት ጭማሪ ይሠራሉ።

ዝናብና ሙቀት እዚህ አብረው አይሄዱም። ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ሞልቶ ቀኑ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው። ሞቃቶቹ ወራት ከየካቲት እስከ ግንቦት ናቸው፤ ያኔ ደግሞ ሰው ለውሃ ፈረቃ ሲል በርሜሉን ሞልቶ የሚያኖርበት ነው። ሞዴላችሁ ትንኝን ከዝናብ ጋር ብቻ ካያያዘ አደጋውን ክረምት ላይ ያሳያችኋል። የሚያስፈልገው ሁለት የውሃ ምንጭ ነው፦ ዝናብ የሚሞላቸው ዕቃዎች (ጎማ፣ አሸንዳ፣ የሊፍት ጉድጓድ) እና ሰው የሚሞላቸው (በርሜል፣ ሮቶ)። የኋለኞቹ የሚሞሉት ውሃ በጠፋ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የፈረቃው መርሐ ግብር ከዝናቡ መዝገብ እኩል መረጃ ነው።

ብን እንዴት እንለካ? በመጀመሪያ ኤደስ መኖሯን አረጋግጡ፤ ብ ዜሮ ከሆነ ሌላው ስሌት ጨዋታ ነው። የእንቁላል ወጥመድ አዘጋጁ፦ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጥቁር የፕላስቲክ ኩባያ፣ ውስጡ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ውሃ፣ ከውሃው ጠርዝ በላይ የሚወጣ ሻካራ ጨርቅ፣ ከላይ ዝናብ የሚያስወጣ ቀዳዳ። ከ7 ቀን በላይ አታቆዩት፤ አለበለዚያ ወጥመዱ ራሱ ማራቢያ ይሆናል። እንቁላሉ ጥቁርና ሞላላ ነው፣ ከውሃው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ይለጠፋል። ደርቆ ለወራት ስለሚቆይ «ውሃውን ድፉ» የሚለው ምክር ግማሽ ምክር ነው፤ የበርሜሉ ግድግዳ በብሩሽ መፈተግ አለበት። ሞዴሉ ውስጥም እንቁላል የራሱ ሳጥን፣ ማለትም ለብቻው የሚቆጠርበት ክፍል ይኑረው፤ ከሌለው ትንኙ በደረቅ ወር ጠፍቶ ይቀርና በመጀመሪያው ዝናብ ከየት እንደመጣ ግራ ይገባችኋል።

እጭ የተገኘባቸውን ቤቶችና ዕቃዎች በመቶኛ የሚገልጹ ቆጠራዎች ለሪፖርት ያምራሉ፤ ለሞዴል ግን ደካማ ናቸው፤ አንድ ጎማ ውስጥ ያለ አንድ እጭና ሮቶ ውስጥ ያሉ 200 እጮች እኩል ይቆጠሩላቸዋል። የሚሻለው ሙሽሬ መቁጠር ነው፤ መብላት አቁማ እንደ ነጠላ ሰረዝ ተቆልምማ የምትንሳፈፈውን። አብዛኞቹ ሙሽሬዎች ስለሚወጡ ቁጥሩ ወደ ጎልማሳ ይቀርባል። 100 ቤት ቆጥራችሁ ሙሽሬውን ለነዋሪው ቁጥር አካፍሉ። በአንድ ሰው 1 ሙሽሬ ከተገኘና በሞቃት ቦታ 2 ቀን የሚቆይ ከሆነ በቀን 0.5 ትንኝ ይወጣል፤ ግማሹ ሴት ነውና 0.25፤ በአማካይ ዕድሜ 9.5 ቀን ሲባዛ 2.4 ይመጣል። ከላይ የተጠቀምንበት ብ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ሙሽሬ በቅዝቃዜ ከ2 ቀን በላይ ይቆያል፤ ሳያስተካክሉ በ2 ማካፈል ብን ያጋንናል። ጥቂት ሙሽሬዎች ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ እዚያው ሰፈር ጥላ ላይ አስቀምጦ ስንት ቀን እንደሚፈጁ ማየት ነው።

አሁን በጊዜ የሚንቀሳቀሰው ሞዴል። ለሰው አራት ሳጥን፦ ያልተያዘ፣ የተያዘና ገና ያልታመመ፣ ታማሚ፣ የዳነ። ለትንኝ እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ጤነኛ ጎልማሳ፣ ቫይረሱ እየበሰለባት ያለች፣ አስተላላፊ። ሰው በቀን የሚያዝበት ፍጥነት ን × ማ × አስተላላፊ ትንኝ ÷ የሰው ቁጥር ነው፤ ትንኝ የምትያዝበት ን × መ × ታማሚ ሰው ÷ የሰው ቁጥር። ሁለቱም የሚካፈሉት ለሰው ነው፤ አንዱን ለትንኝ ቁጥር ያካፈለ ሞዴል ትንኝ ሲጨምር በሽታ እንዳይጨምር ያደርጋል።

ትልቁ ስህተት «እየበሰለባት ያለች» የሚለው ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ሳጥን ብቻ ተደርጎ በየቀኑ 1 ÷ 15 እንዲወጣ ከተደረገ፣ ትናንት የተበከለች ትንኝ ዛሬ አስተላላፊ ትሆናለች፤ ሕፃን እንደመዳር ነው። በሕ 0.9 እና በ15 ቀን፣ ለዚያ የሚበቁት ትክክለኛው 21 በመቶ ሲሆን የአንድ ሳጥኑ ሞዴል 39 በመቶ ይላል፤ አር ዜሮ ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መድኃኒቱ ሳጥኑን በተርታ መከፋፈል ነው። በ5 ሳጥን 25 በመቶ፣ በ10 ሳጥን 23 በመቶ ይመጣል። ደንጊ በ25 ዲግሪ ከ5 እስከ 33 ቀን ሰፊ ልዩነት ስላለው ሙሉ በሙሉ አንድ ቀን ላይ መቸንከርም ልክ አይደለም፤ 5 ሳጥን ጥሩ መካከለኛ ነው።

10 ሳጥን ከመረጣችሁ የኤክሴል ረድፋችሁ አንድ ቀን ሊሆን አይችልም። በ30 ዲግሪ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚያልፈው ፍጥነት 10 ÷ 6.5 ማለትም በቀን 1.54 ነው፤ ካለው በላይ ስለሚወጣ አሉታዊ ትንኝ ይታያችኋል። ረድፉን 0.1 ቀን አድርጉት፤ ለዓመት 3,650 ረድፍ ነው፣ ላፕቶፑ ይችለዋል።

ሌላው በሽታ ክፍልፋይ ትንኝ ነው። ኅዳር ላይ 0.0004 አስተላላፊ ትንኝ ብርዱን ተቋቁማ የካቲት ላይ ወረርሽኝ ታስነሳለች። እንዲህ ያለች ትንኝ የለችም። ታማሚ ጥቂት በሚሆንበት ከተማ ስሌቱ በሙሉ ቁጥርና በዕጣ መሄድ አለበት፦ ለእያንዳንዱ ረድፍ ስንቶቹ እንደሚሞቱ፣ ስንቶቹ እንደሚያልፉ በባይኖሚያል ዕጣ (ለእያንዳንዷ ሳንቲም እንደመወርወር ያለ «አዎ ወይስ አይ» ዕጣ) ይወጣ፤ አንድ ታማሚ ለገሃር አስገቡ፤ 1,000 ጊዜ አስኪዱ። የሚጠቅመው መልስ አማካዩ አይደለም፤ ከ1,000ው ስንቱ ከ10 ሰው በላይ ደረሰ የሚለው ነው።

ቦታም አለ። ኤደስ የምትነክሰው ጠዋት ፀሐይ እንደወጣችና ከሰዓት በኋላ እስክትጠልቅ ባለው ነው። በዚያ ሰዓት የጀሞ ወይም የአያት ነዋሪ መርካቶ ሱቁ ውስጥ ወይም ፒያሳ ቢሮው ነው። ታማሚን በመኖሪያ አድራሻው የሚመዘግብ መረጃ ላይ የተሠራ ካርታ መርጫውን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ይልካል፣ ትንኞቹ ምናለሽ ተራ ዕቃ መሃል እያሉ። ትንኟ በአብዛኛው ከ200 ሜትር አትርቅም፤ ቫይረሱን ከሰፈር ሰፈር የሚያመላልሰው ታክሲ የሚይዘው ሰው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የቀን ሰፈርና የማታ ሰፈር ይኑረው፤ ንክሻው ለቀኑ ይመዝገብ። አጎበርም በዚሁ ምክንያት ለኤደስ ብዙም አይረዳም፤ ቀን የተኛ ታማሚን ከመከለል በስተቀር፣ ያ ደግሞ ቀላል አይደለም።

የጭስ ርጭትን ሞዴል ውስጥ ስታስገቡ የአንድ ቀን ምት አድርጉት እንጂ ዘላቂ ቅነሳ አታድርጉት። 70 በመቶ ጎልማሳ ቢገድል፣ ሙሽሬዎቹ መውጣታቸውን ስለማያቆሙ በ7 ቀን ወደ 67 በመቶ፣ በ14 ቀን ወደ 84 በመቶ ይመለሳሉ። የተመለሱት ግን ወጣቶች ናቸው፤ አስተላላፊዋን የሚተካ እስኪደርስ ቀ ቀናት ይጨመራሉ። ቆጠራ ብቻ የሚያይ ሰው «ርጭቱ አልሠራም» ይላል፤ ዕድሜ የሚያይ ሰው ትርፉን ያያል። የሚገድለውን መቶኛ ደግሞ ከጣሳው ላይ አትውሰዱት፤ ኤደስ በብዙ አገር ፓይሬትሮይድ የተባለውን የትንኝ መግደያ ተላምዳለች፣ ከሰፈሩ ትንኝ ላይ በተሠራ ሙከራ ነው የሚገባው።

እጭ ላይ ስንመጣ መጨናነቅ አለ። ምግብ ባነሰበት በርሜል ውስጥ ግማሹን ትንንሽ እጭ ብትገድሉ ቀሪው በደንብ በልቶ ያድጋል፤ የሚወጣው ትንኝ ያው ሊሆን ይችላል። የእጭ ሞት በሞዴሉ ውስጥ ከእጩ ብዛት ጋር የሚጨምር ካልሆነ የእጭ መድኃኒት ተአምር ይመስላል። ቢቲአይ የሚባለው ባክቴሪያ ተበልቶ ስለሚገድል ሙሽሬን አይነካም፤ በሞዴሉም አይንካ። ቴሜፎስ የተባለው የእጭ መድኃኒት 1 በመቶ በያዘ አሸዋ መልክ ከሆነ ልኩ ለ10 ሊትር 1 ግራም ነው፤ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም፣ ለ2,000 ሊትር ሮቶ 200 ግራም። ልኩ የሚሰላው በዕቃው ሙሉ መጠን ነው። በርሜል ውስጥ በዓይን ግምት ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሠራተኛ ወይ የሚጠጣውን ውሃ ከተፈቀደው 1 ሚሊግራም በሊትር ያሳልፋል፣ ወይ ዕቃው ሲሞላ መድኃኒቱ ይሳሳል። ሽታውን የጠላች እናት ደግሞ በነጋታው በርሜሉን ደፍታ ታጥበዋለች፤ ስለዚህ «የታከመ ዕቃ» የሚለው አምድ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ በተቆጠረው ይተካ፣ በተረጨው አይደለም።